ከጣርማ በር ቁልቁል፦ ለመመረቂያ ጥናታችሁ የከፍታ ትራንሴክት እንዴት ትዘረጋላችሁ?

ከደብረ ብርሃን ወደ ሸዋ ሮቢት የወረደ ሰው የግራዲየንትን ትምህርት ግማሹን ሳይታወቀው ጨርሶታል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ገብስ፣ ባቄላ፣ በግ፣ ጋቢ። ጣርማ በር ላይ መንገዱ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ጉሙ ከገደሉ ሥር ሽቅብ ይመጣና ሾፌሮች በጠራራ ቀን መብራት ያበራሉ። ጣሊያን የፈለፈለውን ዋሻ አልፋችሁ ደብረ ሲና ስትደርሱ ቆሎ ሻጮቹ መስኮት ሥር ይሰለፋሉ፤ ጃኬት ማውለቅም እዚያው ይጀመራል። ከዚያ በኋላ ቁልቁል ብቻ ነው። ማሽላ ይመጣል፣ ማሾ ይመጣል፣ ግራር ይመጣል። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከመኪና ስትወርዱ ሙቀቱ ፊት ለፊት ይቀበላችኋል።

ግራዲየንት የሚባለው ይኸው ነው። አንድ የአካባቢ ሁኔታ፣ ሙቀት በሉት እርጥበት፣ ከቦታ ቦታ ቀስ በቀስ ሲለወጥ ማለት ነው። ተመራማሪው የሚጠይቀው ደግሞ ዛፉ፣ ሣሩ፣ አፈሩና በውስጡ ያለው ሕይወት ለዚያ ለውጥ ምን መልስ ይሰጣሉ የሚለውን ነው። ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ሜዳ ላይ ወርዶ መልሱን መሰብሰብ ግን ሌላ ነገር ነው። ትራንሴክት የምንለው ለዚህ ሲባል ተራራው ላይ ከታች እስከ ላይ የሚዘረጋውን የመለኪያ መስመር ነው።

ተማሪ ይዞ ተራራ መውጣት እንጀራዬ ነው። በየዓመቱ "በከፍታና በዕፅዋት ላይ ልሠራ ነው፣ ከየት ልጀምር?" የሚሉ ልጆች ይመጣሉ። ለእያንዳንዱ የምለውን እዚህ ልጻፈውና ልገላገል።

መጀመሪያ ጥያቄያችሁን አጥሩ

"ከፍታ በዕፅዋት ብዝኃነት ላይ ያለው ተጽዕኖ" የሚል ርዕስ ይዛችሁ አትምጡ። ሜትር ራሱ ተክል አይገድልም። ተክል የሚገድለው ብርድ ነው፣ ጥም ነው፣ እሳት ነው፣ መጥረቢያ ነው፣ የፍየል ጥርስ ነው። ከፍታ እነዚህን ሁሉ በአንድ ቁጥር ጠቅልሎ የሚይዝ ምትክ ብቻ ነው። 100 ሜትር ሽቅብ ስትወጡ ሙቀቱ በአማካይ 0.6 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ 1,500 ሜትር ማለት ወደ 9 ዲግሪ ልዩነት ነው። የአየር ግፊቱም አብሮ ይወርዳል፣ የፀሐዩ ጨረር ይበረታል፣ የሌሊቱ ውርጭ ይከፋል። ይህን ያህሉ የሚጠበቅ ነው።

ዝናቡና እርጥበቱ ግን እንዲህ በመስመር አይሄዱም። በዚህ በምሥራቁ የሸዋ ገደል ጉሙ የሚጋረደው መሐል ላይ ነው። ከላይ ደረቅና ብርዳም፣ ከታች ደረቅና ሞቃት፣ መሐሉ ግን ቅጠሉ ሁልጊዜ እንደራሰ ነው። ወፍ ዋሻ ደን በዚህ ገደል ላይ እስከ ዛሬ የቆየው አንድም በዚህ ነው። በብዙ ተራሮች ላይ የዝርያ ብዛት ከታች ተነስቶ መሐል ላይ ከፍ ይልና ወደ ጫፉ የሚወርደው ለዚህ ዓይነት ምክንያት ነው። ምክንያቱን ካልለካችሁት ግን በሥዕል ላይ የምታሳዩት ጉብታ ብቻ ይሆናል።

ስለዚህ ርዕሱን እንዲህ አጥቡት፦ "የሙቀት መጠን ወይስ የአፈር እርጥበት፣ የዛፍ ችግኞችን ብዛት ይበልጥ የሚያብራራው የትኛው ነው?" አሁን ምን መለካት እንዳለባችሁ ርዕሱ ራሱ ነገራችሁ።

ተራራውን መምረጥ

የሚያምር ተራራ ሳይሆን የሚነጻጸር ተራራ ፈልጉ። ከታች እስከ ላይ አንድ ዓይነት አቅጣጫ የሚያይ ተዳፋት ያስፈልጋችኋል። ምሥራቁን ከጀመራችሁ ምሥራቁን ጨርሱ። ከታች ያሉት ፕሎቶች (ተለክተው ዕፅዋት የሚቆጠርባቸው ቁራሽ መሬቶች) የጠዋት ፀሐይ የሚመታቸው፣ ከላይ ያሉት የማታ ፀሐይ የሚመታቸው ከሆኑ ከፍታን ከአቅጣጫ መለየት አይቻልም። ዐለቱም ቢመሳሰል ጥሩ ነው።

የሸለቆ ወለል ላይ ፕሎት አታስቀምጡ። ሌሊት ላይ ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ እየተንሸራተተ ዝቅ ያለው ቦታ ላይ ይተኛል። ገበሬው ይህን ከናንተ በፊት ያውቀዋል። በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ የሚመታው የትኛው ማሳ እንደሆነ ጠይቁት፣ በእጁ ይጠቁማችኋል።

ፈቃድ ነገር እዚህ ላይ ይነሳል። ከዩኒቨርሲቲ የትብብር ደብዳቤ፣ ከወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ማኅተም፣ ከቀበሌ እሺታ። የጸጥታውን ሁኔታ ደግሞ ከስልክ ወሬ ሳይሆን እዚያው ከሚኖር ሰው፣ በምትሄዱበት ሳምንት አጣሩ። ወይና ደጋው ላይ ደን የሚገኘው ባመዛኙ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ነው። እዚያ መጀመሪያ ሄዳችሁ "አባ፣ ይፍቱን" ብላችሁ፣ ተባርካችሁ፣ የመጣችሁበትን ለቄሰ ገበዙ ንገሩ። ቅርንጫፍ መቁረጥ ካልተፈቀደ አለመቁረጥ ነው፤ ፎቶ ይበቃል። የቤተ ክርስቲያን ደን ትንሽና በማሳ የተከበበ ስለሆነ ከገደሉ ደን ጋር ስታነጻጽሩት ይህን ልዩነት በጽሑፋችሁ ውስጥ በግልጽ አስቀምጡት።

ጊዜውስ? መስከረም አጋማሽ ካለፈ በኋላ እስከ ኅዳር ድረስ። ክረምቱ ወጥቷል፣ አደይ አበባውም ሌላውም አብቧል፤ አበባ የሌለውን ሣር መለየት ደግሞ ራስ ምታት ነው። ጉልበትና በጀት ካላችሁ በግንቦት ድገሙት። ሰሜን ሸዋ በልግ ስላለው በበልግ ብቻ ብቅ ብለው የሚጠፉ ትንንሽ ተክሎች አሉ።

ምን ትይዛላችሁ?

ውድ ዕቃ አያስፈልግም። ሁለት ባለ 50 ሜትር ሜትር፣ ገመድ፣ ችካል፣ የልብስ ሰፊ ሜትር፣ የተዳፋት መለኪያ (ክላይኖሜትር፤ ከሌለ የስልክ መተግበሪያም ይሠራል)፣ ጂፒኤስ፣ የዕፅዋት መጭመቂያ፣ ብዙ አሮጌ አዲስ ዘመን ጋዜጣ፣ እርሳስ። እርሳስ ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ጣርማ በር ጉም ውስጥ እስክሪብቶ ወረቀት ላይ ይዘረገፋል፤ እርሳስ ግን ዝናብ አይፈራም።

ስለ ከፍታ መለኪያ አንድ ነገር ልበል። ጂፒኤስ አግድም የሚሰጣችሁን ቦታ በደንብ ይይዛል፤ ከፍታ ላይ ግን ስህተቱ ይጨምራል። በአየር ግፊት የሚሠራው አልቲሜትር ቁጥሩ የተረጋጋ ይመስላል፣ ነገር ግን አየሩ ሲለወጥ አብሮ ይለወጣል። በኛ አገር ደግሞ ግፊቱ በየቀኑ ከፍና ዝቅ የሚልበት ሰዓት አለው። ጠዋት 4 ሰዓት ገደማ ከፍ ይላል፣ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ገደማ ይወርዳል። ስለዚህ አንድ ድንጋይ ላይ ሳትነቃነቁ ብትውሉ መሣሪያው 20 ሜትር ያህል የወጣችሁ ሊያስመስለው ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው። ከፍታው የታወቀ ቦታ ላይ ጠዋት አስተካክሉት፣ ስትመለሱም እዚያው አንብቡት፣ ልዩነቱን መዝግቡ።

ፕሎት መዘርጋት

ከታች ተነስታችሁ በየ100 ሜትር ከፍታ አንድ ጣቢያ ያዙ። በየጣቢያው ደግሞ አንድ ፕሎት ሳይሆን ቢያንስ ሦስት፣ እርስ በርስ ራቅ ያሉ። በየከፍታው አንድ ፕሎት ብቻ ከሆነ ያያችሁት ልዩነት የከፍታው ይሁን የዚያች ቁራሽ መሬት ጠባይ አታውቁም። ጊዜ ካጠረ የጣቢያውን ብዛት ቀንሱ፤ ድግግሞሹን ግን አትንኩ።

ቦታውን በዓይን አትምረጡ። ሰው ሁሉ ትልቅ ዛፍ ወዳለበት ይሳባል፣ ገደልና እሾህ ካለበት ይሸሻል። ቤት እያላችሁ ካርታ ላይ በዕጣ አውጡ፣ ቦታው ላይ ስትደርሱ የወጣላችሁን ተቀበሉ። የማይደረስበት ገደል ከሆነ ቀጣዩን ዕጣ ውሰዱ፣ የተዘለለውንም መዝግቡት።

ለዛፍ 20 በ20 ሜትር ይበቃል። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ነው፦ ሜትሩን መሬቱን ተከትለው ይዘረጉታል። ተዳፋቱ 30 ዲግሪ ከሆነ መሬት ላይ የለካችሁት 20 ሜትር በካርታ 17.3 ሜትር ነው። 400 ካሬ ሜትር ያላችሁት ፕሎት 346 ሆነ ማለት ነው። 54 ካሬ ሜትር ጠፋ። ከላይ ወደ ጫፉ ስትወጡ ተዳፋቱ እየበረታ የሚሄድ ከሆነ ደግሞ ፕሎቶቻችሁ ከከፍታ ጋር እየጠበቡ ይሄዳሉ። ዝርያ የሚቀንሰውም ተራራው ስለበረደ ይመስላችኋል። 20ን ለተዳፋቱ ኮሳይን አካፍሉ። ለ30 ዲግሪ 23.1 ሜትር ዘርጉ፣ ለ15 ዲግሪ 20.7። አግድም በኩል ያለውን ጎን አትንኩት፤ የሚረዝመው ሽቅብ ያለው ብቻ ነው። ይህን ሠንጠረዥ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ፣ ላስቲክ አልብሳችሁ፣ አንገታችሁ ላይ አንጠልጥሉት።

በአራቱ ማዕዘንና በመሐሉ ለቅጠላ ቅጠልና ለችግኝ 2 በ2 ሜትር ትንንሽ ፕሎቶች አድርጉ። ችግኝ መቁጠር አሰልቺ ነው። ለኔ ግን የጥናቱ ግማሽ እዚያ ውስጥ ነው ያለው። ትልቁ ጥድ የሚነግራችሁ ከመቶ ዓመት በፊት ስለነበረው ሁኔታ ነው። ዛሬ እዚህ ቦታ ምን ሊበቅል እንደሚችል የሚነግራችሁ ችግኙ ነው። አሮጌ ጥድ ብቻ ቆሞ ከሥሩ አንድ የጥድ ችግኝ ከሌለ ያ ደን የቆመው በትናንት ነው።

ዛፍ ሲለካ ከመሬት 1.3 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ተዳፋት ላይ ከሆነ ከላይኛው በኩል ቁሙ። ዙሪያውን ለክታችሁ ለ3.14 አካፍሉ፦ 157 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ውፍረቱ 50 ነው። ግንዱ ከ1.3 ሜትር በታች ለሁለት ከተከፈለ ሁለቱንም ለየብቻ ለኩ። ከፍ ያለው ደጋ ላይ የሚበቅለው አስታ ዘንድ ስትደርሱ ይህ ደንብ ይፈርሳል። አስታ ከአንድ ሥር ብዙ ግንድ ሆኖ ይወጣል፣ 1.3 ሜትር የማይሞላውም ብዙ ነው፤ ስለዚህ ከሥሩ አጠገብ ለኩና እንዲህ እንደለካችሁ ጻፉ። ለምን ብዙ ሆኖ እንደወጣ በኋላ እመለስበታለሁ።

ስሙን ከማን ትወስዳላችሁ?

ከቆላው ተነስታችሁ ስትወጡ ግራሩ፣ ክትክታው፣ ቁልቋሉ ይቀድማል። ከዚያ ወይራና ዝግባ፣ ከዚያ ጥድ፣ ከዚያ ኮሶና አሜጃ፣ ከዚያ አስታ፣ ከዚያ ጓሳ ሣርና ጅብራ። ይህ ቅደም ተከተል ጥሩ መነሻ ነው፤ ቦታው ላይ ግን ድንበር አትጠብቁ።

የአካባቢ ሰው ስሙን ያውቃል፤ ችግሩ ስሙ ከወረዳ ወረዳ መለያየቱ ነው። አንዱ ጋ ለአንድ ተክል የተሰጠ ስም ሌላው ጋ ለሌላ ይሆናል። ስለዚህ የአካባቢውን ስምም ናሙናውንም አብራችሁ ያዙ። አበባ ወይም ፍሬ ያለበት ቅርንጫፍ ቆርጣችሁ ቁጥር ስጡት፣ በጋዜጣ መሐል ዘርጉት፣ ጋዜጣውን በየቀኑ ቀይሩ። ካልቀየራችሁት ይሻግታል፣ ደጋ ላይ ደግሞ በቶሎ አይደርቅም። አዲስ አበባ አራት ኪሎ ያለው ብሔራዊ ሄርባሪየም (የደረቁ ዕፅዋት ናሙና ማኖሪያ) ለማመሳከር ይረዳችኋል። የአገሩን ዕፅዋት በዝርዝር የሚገልጸው የኢትዮጵያና የኤርትራ ፍሎራ መጽሐፍ ሥራ በ2009 እ.ኤ.አ. (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ስለተጠናቀቀ ዛሬ ያላችሁ ዕድል ከኛ በፊት የነበሩት ያላገኙት ነው።

በየናሙናው ላይ ቀን፣ ከፍታ፣ ጂፒኤስ፣ የፕሎት ቁጥርና የተራራው ስም ይጻፍ። የተራራው ስም ለምን ያስፈልጋል ትሉ ይሆናል። ጀርመናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ አሌክሳንደር ፎን ሁምቦልት በ1802 ከጓደኛው ከቦንፕላን ጋር ኢኳዶር ውስጥ ቺምቦራዞን ወጣ። በ1807 ያሳተመው ሥዕል የትኛው ተክል በየትኛው ከፍታ እንደሚበቅል በተራራው ሆድ ላይ በስም ጽፎ አሳየ። ለዚህ ዓይነት ጥናት መነሻ ተደርጎ የሚወሰደው ይኸው ሥዕል ነው። ተመራማሪዎች ከ200 ዓመት በኋላ ተመልሰው ወጡና በ2015 ባወጡት ጽሑፍ ተክሎቹ ከ500 ሜትር በላይ ሽቅብ ወጥተዋል አሉ። በ2019 ሌሎች የሁምቦልትን ማስታወሻዎችና ናሙናዎች መልሰው አገላበጡ። ከደኑ በላይ ያሉት ተክሎች ባመዛኙ የተሰበሰቡት ቺምቦራዞ ላይ ሳይሆን አንቲሳና በተባለ ሌላ ተራራ ላይ መሆኑን አገኙ። አንቲሳና ላይ ሄደው ሲያነጻጽሩ የሽግግሩ መጠን ከ215 እስከ 266 ሜትር ሆነ። ተክሎቹ ወጥተዋል፣ እሱ እውነት ነው። መጠኑ ግን በግማሽ ቀነሰ።

እናንተም ፈተናው ይመጣባችኋል። "የላይኛው ክፍል እዚህ ተቆርጧል፣ መንዝ ጓሳ ሄጄ ልሙላው" ትላላችሁ። የመንዝ ጓሳ ሣር ለዘመናት በማኅበረሰቡ ሕግ የተጠበቀ ድንቅ ቦታ ነው። ግን ሌላ ቦታ ነው፤ ሌላ አቅጣጫ፣ ሌላ የአያያዝ ታሪክ። ከሄዳችሁ ለብቻው ትራንሴክት አድርጉት እንጂ ከጣርማ በሩ ጫፍ ጋር አትስፉት።

ቴርሞሜትርና የሻይ ከረጢት

የሜትሮሎጂ ጣቢያ ያለው ከተማ ውስጥ ነው፤ ፕሎታችሁ ያለው ዛፍ ሥር ነው። ከከተማው ቁጥር ላይ በየ100 ሜትሩ 0.6 እየቀነሳችሁ ለደኑ አታልብሱት። በሳንቲም መጠን ያሉ ሙቀት መዝጋቢዎች አሉ፤ በየሰዓቱ እየመዘገቡ ወራትን ይቆያሉ። ፀሐይ በቀጥታ እንዳይመታቸው በነጭ ኩባያ ሸፍናችሁ በየጣቢያው አንድ ስቀሉ። ከአማካዩ ይልቅ የሌሊቱን ዝቅተኛ ቁጥር ተመልከቱ። ከ3,500 ሜትር በላይ ቀን ሸሚዝ ያስወልቃል፣ ሌሊት ውሃ ያረጋል። ጅብራ ቅጠሉን ሌሊት ወደ ውስጥ አጥፎ እምቡጡን የሚያለብሰው ለዚህ ነው። አማካይ ሙቀት ይህን ሁሉ ይደብቀዋል።

አፈር ከየፕሎቱ አምስት ቦታ፣ ከላይ እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ወስዳችሁ ቀላቅሉ፣ አንድ ኪሎ ያህሉን ጥላ ውስጥ አድርቁ። ቀሪው የላቦራቶሪ ሥራ ነው።

ዕፅዋት ብቻ ቆጥራችሁ "ሥርዓተ ምኅዳሩ" ማለት ደግሞ አያምርም። ሥርዓተ ምኅዳር ይሠራል፤ ይበሰብሳል፣ ያድጋል፣ ይለዋወጣል። ርካሹን መለኪያ ልንገራችሁ፦ የሻይ ከረጢት። በ2013 የተዋወቀ ዘዴ ነው። አረንጓዴ ሻይና ሮይቦስ የተባለውን ቀይ ሻይ በከረጢቱ እንዳለ ትመዝናላችሁ፣ 8 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ ትቀብራላችሁ፣ ከ90 ቀን ገደማ በኋላ አውጥታችሁ አድርቃችሁ መልሳችሁ ትመዝናላችሁ። የጎደለው ክብደት ባመዛኙ በአፈር ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ሕያዋን የበሉት ነው። አረንጓዴው በቶሎ ይበሰብሳል፣ ሮይቦሱ ይዘገያል፤ ሁለቱ አንድ ላይ የመበስበሱን ፍጥነት ያሳያሉ። ደጋው ላይ ብርዱ ሥራውን ስለሚያዘገየው አፈሩ ጥቁርና ካርቦን የሞላበት ይሆናል። ሮይቦስ እዚህ በቀላሉ ስለማይገኝ ከውጭ የሚመጣ ሰው ላይ አስታውሱ። ሱቅ ያገኛችሁትን ተራ ሻይ ብትቀብሩ የራሳችሁን ጣቢያዎች ማወዳደር ትችላላችሁ፤ ከሌላው ዓለም ቁጥር ጋር ግን አትችሉም። የቀበራችሁበትን ቦታ በችካል ብቻ አትመኑ። ችካል ማገዶ ነው፣ እረኛ ይወስደዋል። ከሁለት ቋሚ ዛፎች ያለውን ርቀት ለኩና ጻፉት።

የሰው እጅ

እዚህ ላይ ቆም በሉ። በኛ ተራሮች ላይ ከፍታና ሰው አብረው ነው የሚሄዱት። የሚታረሰው የት ነው? ከብት የሚሰማራው የት ነው? ባህር ዛፍ የተተከለው እስከ ስንት ሜትር ነው? እነዚህ ሁሉ ከከፍታ ጋር ይለዋወጣሉ። ካልመዘገባችኋቸው ሰው የሠራውን ለብርድ ትሰጡታላችሁ።

አንድ ጊዜ ከገደሉ ጫፍ አጠገብ አንዲት ተማሪ አስታው ከሚጀምርበት ቦታ ቆማ ቁጥሩን ትጽፋለች። መንገድ የሚመሩን አዛውንት ምርኩዛቸውን ተደግፈው ያዩዋታል።

"ምን ትጽፊያለሽ ልጄ?"

"አስታው ከዚህ በታች መብቀል እንደማይችል ነው አባባ።"

ሳቁ። "ማን አለሽ? እኔ ልጅ ሆኜ እስከዚያ እስከ ወንዙ ድረስ አስታ ነበር። ለማገዶ ተቆረጠ፣ ለእርሻ ተቃጠለ፣ አለቀ። ይሄ የቀረው አህያ ስለማያወጣው ነው።"

ከዚያ ምርኩዛቸውን አንዱ አስታ ሥር ሰደዱና ሣሩን ገለጥ አደረጉት። ከመሬት የወጣው ጉቶ የሰው ጭንቅላት ያህላል፤ ጥቁር ነው፣ ተቃጥሏል። ከዙሪያው ቀጫጭን ግንዶች ወጥተዋል። አስታ ከተቃጠለም ከተቆረጠም በኋላ ከሥሩ መልሶ ያቆጠቁጣል። ብዙ ግንድ ያለው አስታ ስታዩ የሆነ ጊዜ እሳት ወይም መጥረቢያ እንዳለፈበት ጠርጥሩ። ልጅቷ ቅጹ ላይ አንድ ዓምድ ጨመረች፦ "ጉቶው ተቃጥሏል/አልተቃጠለም"። ያ ዓምድ በኋላ ከከፍታው ዓምድ ይበልጥ ተናገረ።

ስለዚህ በየፕሎቱ እነዚህን ሙሉ፦ የጉቶ ብዛት፣ የከብት ፋንድያና እበት ክምር፣ የእግር መንገድ፣ የእሳት ምልክት፣ እስከ ቅርቡ ቤት ያለው ርቀት። "ጥቂት፣ መካከለኛ፣ ብዙ" እያላችሁ አትጻፉ። የእናንተ ጥቂት የሌላው ብዙ ነው። ቁጠሩ። ከሽማግሌም ጠይቁ፤ ስትጠይቁ "ደኑ ድሮ እንዴት ነበር?" አትበሉ፤ መልሱ ሁልጊዜ "ድሮማ ጨለማ ነበር" ነው። "አባባ፣ ቤትዎን የሠሩበት እንጨት ከየት መጣ? ልጅ ሆነው ከብት የት ያግዱ ነበር?" ብላችሁ ጠይቁ። ቦታውን ያሳዩአችኋል፤ ሄዳችሁ ጂፒኤስ ትይዛላችሁ።

ቁጥሩን መተርጎም

አንድ ሥዕል ከሌላው በፊት ሥሩ። አግድም ከፍታ፣ ቁም የአንድ ዝርያ ብዛት። ለጥድ አንድ፣ ለኮሶ አንድ፣ ለአስታ አንድ። ከዚያ ደራርቧቸው። አሜሪካዊው የሥነ ምኅዳር ተመራማሪ ሮበርት ዊታከር በግሬት ስሞኪ ተራሮች ያደረገውን ጥናት በ1956 ሲያወጣ ያሳየው ይህንኑ ነበር። ዝርያዎች በቡድን ሆነው አንድ መስመር ላይ አብረው አይጀምሩም፣ አብረውም አያልቁም። እያንዳንዱ የራሱ ከፍታ ላይ ይበዛል፣ ግራና ቀኝ እየሳሳ ይጠፋል። በእናንተም ሥዕል ላይ ብዙዎቹ እንዲህ ከሆኑና አንዱ ብቻ እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ከቆመ፣ እዚያ ግድግዳ ላይ መጀመሪያ የምትፈልጉት እሳትን፣ አጥርን ወይም ማሳን ነው።

በጎረቤት ጣቢያዎች መካከል ስንት ዝርያ እንደተለወጠም አስሉ። አንዱ 12፣ ሌላው 10 ዝርያ ኖሮት 6 የጋራ ከሆኑ፣ 6ን በ2 አባዝታችሁ ለ22 አካፍሉ፤ 0.55 ነው። ወደ 1 ሲጠጋ ይመሳሰላሉ፣ ወደ 0 ሲጠጋ ይለያያሉ። ይህ ቁጥር በድንገት የሚወርድበት ከፍታ ላይ ተመልሳችሁ ሂዱና የሙቀቱን፣ የአፈሩንና የጉቶውን መዝገብ ጎን ለጎን አንብቡ።

ለቀሪው ስሌት አር የተባለው ሶፍትዌር በነፃ አለ፤ ቪጋን የሚለው ጥቅል ለዚህ ሥራ የተሠራ ነው። ዝርያ ቆጠራ ስለሆነ ለቆጠራ የሚሆን ሞዴል ተጠቀሙ፤ ቀጥታ መስመር ብቻ ሳይሆን ጎበጥ ያለውንም ሞክሩ። ከፍታን ብቻ ያስገባችሁበትን ሞዴል ሙቀት፣ እርጥበትና ጉቶ ካስገባችሁበት ጋር አወዳድሩ። ሌሎቹ ሲገቡ ከፍታ ጉልበት ካጣ ደስ ይበላችሁ፤ ምክንያቱን አገኛችሁት ማለት ነው። ካላጣ ገና ያልለካችሁት ነገር አለ።

ሥራውን ስትጨርሱ የየፕሎቱን አንድ ማዕዘን በአጭር ብረት መሬት ውስጥ አስገቡና በጂፒኤስ ያዙት። ሜዳ ላይ የሞላችሁትን ቅጽ በሙሉ፣ ጭቃው እንዳለ፣ ፎቶ አንሱት። አንድ ቅጂ ለትምህርት ክፍላችሁ፣ አንድ ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ስጡ። በአማርኛ የተጻፈ ሁለት ገጽ ማጠቃለያ ደግሞ ለቀበሌውና መንገድ ለመሯችሁ ሰው አድርሱ። በቀጣዩ ዓመት ሌላ ተማሪ ሲሄድ በሩን የሚከፍትለት ያቺ ሁለት ገጽ ናት።